ሞተሩ እየጮኸ ነው

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ጎሚስታው ነው ይባላል። አንድ ቀን ምሳ ላይ አንገቱን ደፍቶ እየበላ ሳለ፣ ከአጥሩ ማዶ አንዲት ፒካፕ ስታልፍ ሰማና «ይቺ ዳገቱን አትወጣም፤ ኩሽኔታዋ አልቋል» አለ። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ሰዎቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ የፒካፗ ሾፌር «የሚጎትት ገመድ ያላችሁ» እያለ በእግሩ ተመልሶ መጣ። ትንሽ ማጋነን ይኖርበታል፤ የጋራዥ ወሬ ያለ ማጋነን አይጥምም። ስሙ ግን በዚያው ጸና።

ሥራው የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ሌላው ኤሌክትሪሺያን መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ መለኪያውን ያወጣል። ጆሮ ምን ቆርጦት! እሱ መጀመሪያ «ዝም በሉ!» ነው የሚለው። ግቢው ሁሉ፣ መዶሻ ያነሳውም መዶሻውን እንዳንጠለጠለ፣ ጸጥ ይላል። ከዚያ ራሱን ላሜራው ላይ ለጠፍ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ለሾፌሩ «ማብሪያውን ክፈት» ይላል። ቀጭ ያለውን ካላለው፣ እዝ የሚለውን ከሚያቃስተው ለይቶ ሲነሳ ጥፋቱን አውቆት ነው። «ኤሌክትሪክ አይታይም፤ ይሰማል እንጂ» ይላል ለጠየቀው ሁሉ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ጉረኛ ነበር፣ ምን እንደብቃለን። ግን ጉራው እውነት ስለነበር ሰው ይስቅለታል እንጂ አይቀየመውም።

ታዲያ የዚህ ሰው ጆሮ ሞተ። ባንድ ቀን ድንገት ቢሞት ይሻል ነበር፤ ሰው አልቅሶ ይወጣለታል። እሱ ግን ቀስ እያለ ነው የሄደው። ዕድሜ ልኩን ከጎኑ ላሜራ ሲቀጠቀጥ፣ ኮምፕሬሰር ሲያጓራ ኖሯል፤ ምን ይሁን ብላችሁ ነው? መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ ከዳው። ጠዋት ጠዋት ጣሪያው ላይ የሚንጫጩት ወፎች ዝም ሲሉ፣ እሱ ወፎቹ ሰፈር የለቀቁ መሰለው። ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ ሄደ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ መንሾካሾክ ጀመረ። «ምን ታንሾካሹካላችሁ? ሰው ፊት ሐሜት ነውር አይደለም?» ማለት አበዛ። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን አናቱ እስኪፈነዳ ያስጮኸዋል፤ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፤ እሱ ድብደባውንም አይሰማ። ሚስቱ ተነስታ ትቀንሳለች፣ እሱ ተነስቶ ይጨምራል። እሷም በመጨረሻ ጆሮዋ ላይ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ መቀመጥ ለመደች።

ያውቅ ነበር ወይ? ያውቃልም፣ አያውቅምም። ልቡ ያውቀዋል፣ አፉ ግን አያወጣውም። ራሱን ሳይቀር «ጉንፋን ነው»፣ «ኩክ ደፍኖት ነው» እያለ ይሸነግላል። የሚፈራው ነገር ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ ግቢው በር ላይ ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል። ቀለም ቀቢው ነው። ሰው ቀይ ከቀይ አይለይም ሲለው፣ እሱ ብቻውን የሚለይ፣ ትልቅ ባለሙያ የነበረ ሰው። ዓይኑ ሲደክም የጋራዡ ባለቤት ዘበኛ አደረገውና አሁን የመኪና ጥሩንባ ሲሰማ በር ይከፍታል። ጆሮ በየጠዋቱ ሲገባ ፊቱን አዙሮበት ነው የሚያልፈው። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። የጋራዡ ባለቤት የሚስቱ ታላቅ ወንድም ቢሆንም፣ ጋብቻ ሰውን በር ከመክፈት እንደማያድነው ያውቃል። «ጆሮ አይሰማም» የሚል ወሬ ቢሮ የገባ ዕለት ያበቃለታል። ሌላ የሚችለው ሥራ የለም። ሌላ የሚኮራበት ነገርም የለም።

አሁን ወደ በያጁ እንምጣ፤ ለነገሩ እሱን ሳላነሳ እዚህ መድረሴም ይገርማል። «ፍንጣሪ» ነው የሚሉት። ቀጭን፣ ሸሚዙ ሁሉ በብልጭታ የተበሳሳ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ሲበይድ ያወራል፣ ሲበላ ያወራል፣ ሲተኛም ሳያወራ አይቀርም ይባላል። የዚህ ሰው አመል ደግሞ የጆሮ ሥራ ላይ መጣድ ሆነ። ጆሮ ራሱን ላሜራ ላይ ለጠፍ ሲያደርግ፣ ፍንጣሪ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከተፍ ይላል።

«ኧረ ይቺ ፓምፕ ምን ነካት? እንደ አማት ትነጫነጫለች እኮ!» ይላል።

ሌላ ቀን «ቀጭ አለች! አሁን ይሄ ጆሮ የሚያስፈልገው ነገር ነው? እኔ ደንቆሮው ራሴ ሰማኋት!» ይላል።

ሌላ ቀን ደግሞ «ጭጭ! እንደተቀየመች ሚስት ጭጭ ብላለች» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ጆሮም ቀና ይልና «አውቄያለሁ፣ አውቄያለሁ፣ ዞር በልልኝ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ፓምፗ ትነጫነጫለች ከተባለ ፓምፗ ደህና ናት ብሎ ወደ ሌላው ያልፋል። ጭጭ ብላለች ከተባለ ይፈታታል። ሥራው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይሄድለታል። ይህ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲሆን፣ ይህ ሰው ለምን ሁልጊዜ ከጎኔ ይገኛል ብሎ አንድ ቀን ራሱን አለመጠየቁ! ሰው አለማየትን ሲመርጥ እንደዚህ ነው።

እንዲያውም አንድ ቀን ደንበኞች ባሉበት ጮኸበት። «የራስህን ብረት ብየድ! የሰው ሥራ ላይ እንደ ዝንብ ምን ያንዣብብሃል? አፍህን የሚበይድልህ ሰው ይጥፋ?» አለው። ግቢው ክው አለ። ፍንጣሪ ሳቀና «እሺ ጌታዬ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ግን ጆሮ ራሱን ላሜራ ላይ ሲያሳርፍ፣ ያው ሰውዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከተፍ። የፍንጣሪ እጅ አመድ አፋሽ ነበር፤ እሱ ግን እጁን አልሰበሰበም።

ከዚያ ፍንጣሪን ሳል ያዘው። መጀመሪያ ደረቅ ሳል ነበር፤ የብየዳ ጭስ ያለ መሸፈኛ ሲምግ የኖረ ሰው ሳል ምኑ ይገርማል ተባለ። ቆይቶ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተው። ለፍንጣሪ ይህ ከሞት አይተናነስም። በመጨረሻ ሐኪም ቤት አስተኙት፤ ሳንባው ነው አሉ። የጋራዡ ሰው ሁሉ እየተቀያየረ ጠየቀው። ጆሮ ብቻ «ሥራ ይቅለለኝ እንጂ እሄዳለሁ» እያለ ከረመ። እውነቱን ልንገራችሁ? በልቡ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር። «እፎይ፣ አሁን በሰላም ልሥራ» ነው ያለው።

ሰላሙ ግን አላማረበትም። በነዚያ ሳምንታት የነካው ሁሉ ተበላሸ። የሠራው መኪና በማግስቱ ይመለሳል፣ ደህናው ዕቃ ተነቅሎ ይጣላል፣ የሞተው ይቀራል። እሱ ዕቃ ሻጮቹን ይሳደባል። «ዘንድሮ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ቆርቆሮ ነው» ይላል። ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና ወደየሥራቸው ይዞራሉ።

እንዲህ እያለ ነው አንዲት ሾፌር የመጣችው። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየቀጠቀጠው ነበር። የሙአለ ሕፃናት ልጆች የምታመላልስ፣ ወገቧ ሰፋ ያለ፣ ቁጣና ሳቅ የሚፈራረቅባት ሴት ናት። መኪናዋ አሮጌ ናፍጣ ቫን፣ የኋላ መስታወቱ በጭቃ ተለስኗል።

«ጋሼ፣ የኋላ ዝናብ መጥረጊያዬ ቆመ» አለችው፣ ጮክ ብላ፤ ድሮም ድምፅዋ የዋዛ አይደለም። «ትናንት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወደኋላ ስመልስ አንዲት ሕፃን ከኋላዬ ቆማ አላየኋትም። ሞግዚቷ ጮኻ ባታድናት…» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ ሳይሠራ ልጆቹን አላነሳም ብያቸዋለሁ።»

«ይሄ ቀላል ነው፤ አይዞሽ» አላት።

ቀላልም ነበር። ፊውዙን አወጣ፤ ደህና ነው። የኋላ በሩ ማጠፊያ ላይ ሽቦዎቹ የሚያልፉበትን ጎማ ገፎ አየ፤ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ እዚያ ጋ ሽቦ መበጠስ ልማዱ ነው፤ ግን አንዱም አልተበጠሰም። የበሩን የውስጥ ሽፋን ነቀለ፤ ማብሪያውን አስከፍቶ መሞከሪያ መብራቱን የመጥረጊያው ሞተር መሰኪያ ላይ ሲያስነካው ቦግ አለ። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ እስከ ሞተሩ ደርሷል። የቀረው ከሁለት አንድ ነው፤ ወይ ሞተሩ ሞቷል፣ ወይ ሞተሩ እየዞረ ውጭ ያለው ክንድ አልያዘም። ሁለቱን የሚለየው ድምፅ ነው። ሞተሩ እዝ ካለ በሕይወት አለ፤ ዝም ካለ ሞቷል። በርግጥ የክንዱን ክዳን አንስቶ በዓይን ማየትም ይቻላል፤ ማንም ጀማሪ የሚያደርገው ነው። ጆሮ ግን የጀማሪ ሥራ አይሠራም።

«ማብሪያውን እንደገና ክፈቺ!» ብሎ ራሱን በሩ ላይ ለጠፈ። የሴትዮዋ ባትሪ ደካማ ስለሆነ የመኪናው ሞተር እንዲጠፋ አልፈለገችም፤ ናፍጣው የቫኑን መላ አካል ያንቀጠቅጠዋል። ጉንጩ ስር የሚሰማው ያ መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሾፌሯ ፊት ወንበር ላይ፣ ሌላው ሰው ከዝናቡ ተጠልሎ ከወዲያ ነው። ማንም ከተፍ አላለም።

«ሞቷል» ብሎ ተነሳ።

አሮጌ ዕቃ ሻጩ ዘንድ ሄዶ የዚያው ዓይነት ሞተር አመጣ። ሻጩ ባትሪ ላይ አስነክቶ፣ ዓይኑ እያየ ሲሽከረከር አሳይቶታል። መልሶ ሊገጥም የመጥረጊያውን ክንድ ሲነቅል፣ ክንዱ ሳይታገል እጁ ላይ ቀረ። ያ ነገር ሁሌም በካቻቢቴ ተፈልቅቆ፣ ተረግሞ ነው የሚወጣው። ጣቱ አንድ ነገር ነግሮት ነበር፤ እሱ ግን ጣቱን ሰምቶ አያውቅም። አሮጌውን ሞተር ሳይሞክረው ወደ ቁርጥራጩ ወረወረ፣ አዲሱን ገጠመ፣ ክንዱን አስገባ፣ ዳዶውን አጠበቀ።

ሾፌሯ ማብሪያውን ከፈተች። መጥረጊያው አንድ ጊዜ ጭቃውን ጠርጎ ወጣና መሃል መንገድ ላይ ቀረ።

ደሙ ፈላ። «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው እንደ ወትሮው ጸጥ አለ። ዝናቡም አባርቶ ነበር። ሾፌሯ ማብሪያውን እንደተከፈተ ትታ ወደ ኋላ ዞራ መጣች። ጆሮ ራሱን ላሜራው ላይ ጫነ። ቆየ። ሌላኛውን ጎን አዙሮ ጫነ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና እርግማኑን ለቀቀው፦

«ይሄም ሞቷል! ሌባ! ዓይኑን በጨው አጥቦ የሞተ ዕቃ ይሸጥልኛል? አሁን ሄጄ አንገቱን ካላነቅኩት!»

ሴትየዋ የውጭ ሰው ናት፤ ከየት ትወቀው? ግራ ተጋብታ ጆሮንም መኪናውንም አየችና «ጋሼ፣ እየጮኸ ነው እኮ» አለች።

«ምን?»

«የመጥረጊያው ሞተር። እየጮኸ ነው እኮ።»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። «ምን አልሽ?»

ሴትየዋ እጇን እንደ ጥሩንባ አፏ ላይ አድርጋ «ሞተሩ እየጮኸ ነው! እዚህ ቆሜ ይሰማኛል! እርስዎ አይሰማዎትም እንዴ?» አለች።

ይህን ሰማ። ዞር ብሎ ሰዎቹን አየ። ጎሚስታው መሬት መሬት ያያል። ላሜራ ቀጥቃጩ ጀርባውን ሰጥቷል። የሚስቱ ወንድም ቢሮው በር ላይ ቆሟል። አንድም ሰው አልደነገጠም። አንድም ሰው «እንዴ፣ ጆሮ ምን ሆነ?» አላለም። አንጀቱን የቆረጠው ይህ ነው። ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ሐዘን ነበር፤ የቆየ፣ የተለመደ ሐዘን።

የክንዱን ክዳን አነሳ። የሞተሩ ዘንግ ዳዶውን ይዞ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ክንዱ ጥርሱ ተበልቶ አልቆ፣ ምንም ሳይዝ ተጋድሟል። የመጀመሪያው ሞተርም ደህና ነበር ማለት ነው። ከቁርጥራጩ ውስጥ ጥርሱ ያልተበላ ክንድ ፈልጎ ገጠመ። መጥረጊያው ጠረገ፣ ተመለሰ፣ ጠረገ። ሴትየዋ «ተባረኩ ጋሼ! እጅዎ ይባረክ!» ብላ ልጆቿን ለማንሳት ከነፈች። ምን እንዳደረገች እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ባታውቅም ይሻላታል።

የሚስቱ ወንድም፣ አማቹ፣ ቢሮ አስገብቶት በሩን ዘጋ። ፊት ለፊቱ፣ ጉልበታቸው እስኪነካካ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጮክ ብሎ፣ አፉን ከፍቶ እየተናገረ መሆኑን ጆሮ ያን ቀን ነው ያስተዋለው። ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር የሚያናግረው። ቁጡ ስለሆነ ይመስለው ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?» አለው ጆሮ።

«ካቻምና። እህቴ ነገረችኝ፤ እዚሁ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ያኔውኑ ዕቃ ቤት ላስገባህ ነበር፣ አልዋሽህም። ደንበኛ ይሸሻል፣ አደጋም አለው።»

«ታዲያ ምን ከለከለህ?»

አማቹ መስኮቱን አየ። ከዚያ «ፍንጣሪ ነዋ» አለ። «እህቴ ስታለቅስ ሰምቶ ኖሯል፤ ሰተት ብሎ ገባና ‘ተወው፣ እኔ አለሁለት፣ እኔ እሰማለታለሁ’ አለኝ። ‘አንተ የራስህ ሥራ የለህም ወይ?’ አልኩት። ‘ብየዳ የትም አይሄድብኝም፤ ያ ሰውዬ ግን በር ላይ ከተቀመጠ ይሞታል’ አለኝ። ግቢውን ሁሉ ደግሞ አስምሎ ነበር፤ ትንፍሽ ያለ ሰው ከእኔ ጋር አይበላም ብሎ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ ራስህ የሚወራውን የምትሰማው መጨረሻ ነው ማለት ነው። ለዚህ ሰው ግን ተረቱም ቀለለ። ሁለት ክረምት ሙሉ በሰው ጆሮ ሲኮራ ኖሯል። የረገመው፣ ዝንብ ያለው፣ አፍህ ይበየድ ያለው ያን ሰው ነው። «አፈር ልብላ!» አለ፤ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «አፈር ልብላ!»

«ከነገ ጀምሮ ዕቃ ቤት ነህ» አለው አማቹ። «ከእሱ ሌላ የሚሰማልህ የለኝም።»

ጆሮ አልተከራከረም። በር ላይ አይደለም ብሎ እንኳ አልተጽናናም። ቱታውን ሳያወልቅ ወጥቶ ወደ ሐኪም ቤቱ ሄደ።

ክፍሉ ረጅም ነው፤ አልጋ በአልጋ፣ ጠያቂ በጠያቂ ሆኗል። ፍንጣሪ ጥግ ላይ ነበር። መጀመሪያ አላወቀውም። ድሮም ቀጭን የነበረ ሰው አሁን አንሶላው ስር ያለ አይመስልም። አፍንጫውና አፉ ላይ የኦክስጅን መሸፈኛ አጥልቀውለታል። ሚስቱ ከአልጋው ጎን ተቀምጣ እግሩን ታሻለች። ጆሮን ስታይ ብድግ አለች፤ «ይግቡ ጋሼ፣ ሲጠይቅዎት ነበር የከረመው» አለችው። ምን እንዳለች አልሰማም፤ ፊቷ ግን ደህና ነበር።

አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ ያሰበውን ተናገረ። ቀስ ብሎ የተናገረ መሰለው፤ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየው። «ይቅር በለኝ! አላወቅኩም ነበር! ዛሬ ነው የነገሩኝ! ያንን ሁሉ ስናገርህ… ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ!» አለና እንባው መጣ።

የፍንጣሪ ዓይን ሳቀ፤ ያው የድሮው ዓይን። እጁን አንቀሳቅሶ መሸፈኛውን ወደ አገጩ ዝቅ አደረገና አንድ ነገር ተናገረ። ያ ጣሪያ የሚያነቃንቅ አፍ አሁን ትንፋሽ ብቻ ነበር የቀረው። ጆሮ ከንፈሩን አየ። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ እምብዛም የማይንቀሳቀስ። ወደ አፉ ጠጋ አለ። ምንም የለም። ፍንጣሪ ደገመው፤ ለመድገም ምን ያህል እንደለፋ ከአንገቱ ጅማት ይታያል። ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች። በሽተኞቹ፣ ጠያቂዎቹ ያያሉ። ያን ቀን አንድ ጊዜ በአደባባይ «ምን? ምን?» ብሏል፤ ሁለተኛ ማለት ከበደው። «ይቅር ብዬሃለሁ» ይሆናል ያለኝ ብሎ አሰበ፤ ወይም «ተግባባን አይደል?» ብሎ ይሆናል። ሌላ ምን ይለኛል?

«አዎ» አለው። ፈገግ አለ። እጁን መታ መታ አደረገውና ራሱን ነቀነቀ። «አዎ፣ አዎ።»

ፍንጣሪ አየው። ቆይቶ ዓይኑን ከደነ።

ሚስቱ የጆሮን ቱታ ጨምድዳ ይዛ ወደ ኮሪደሩ ጎተተችው። ፊቷ አመድ ሆኗል። አፏን ጆሮው ላይ ሰክታ ነው የጮኸችው፤ እሱም ቃል በቃል ሰማት።

«አንተ ሰውዬ አብደሃል? ‘አልድንም አይደል?’ ብሎ እኮ ነው የጠየቀህ! ስንደብቀው የከረምነውን! ‘አልድንም አይደል?’ ሲልህ ‘አዎ’ ትለዋለህ? እየሳቅህ?»

ጆሮ ግድግዳውን ያዘ። ከዚያ ወደ ውስጥ ሮጠ። ፍንጣሪ መሸፈኛው ተመልሶለት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ጆሮ አልጋው ስር ተንበርክኮ ጮኸ። «አልሰማሁህም! አልሰማም እኮ! ደንቁሬያለሁ! የጠየቅኸኝን አልሰማሁም፣ ዝም ብዬ ነው አዎ ያልኩህ! እያወቅኸኝ!» በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ የወጣ ቃል ነው፤ በጠቅላላው ክፍል ፊት ወጣ። ነርሷ መጥታ ክንዱን ያዘችው፤ በሽተኛ ትረብሻለህ ብላ ጎትታ አስወጣችው። ከበሩ ሲዞር የፍንጣሪ እጅ ከአንሶላው ላይ ትንሽ ብድግ ብላ ስትወርድ አየ። «ተወው፣ ገብቶኛል» ትሁን፣ «ሂድልኝ» ትሁን፣ ወይም ዝም ብላ የደከመች እጅ ትሁን አላወቀም።

ፍንጣሪ በዚያው ሌሊት አረፈ።

ቀብሩ ላይ ሚስትየዋ ጆሮን አላናገረችውም፤ አይፈረድባትም። እሱም ሳያናግራት ከረመ። ቤት ከገባ ቴሌቪዥኑን አይከፍትም። የገዛ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ «እሱ እኮ ያውቅሃል፤ እንደማትሰማ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው» ትለዋለች፣ በጆሮው። «ጭንቅ ላይ ያለ ሰው ያንን ያስታውሳል?» ይላታል። ዕቃ ቤት ውስጥ ብሎን ሲለይ፣ ፊውዝ ሲያቀብል ያንኑ ያስባል፤ «አዎ» ሲለው እንዳልሰማው ፍንጣሪ አውቋል ወይስ አላወቀም? አውቆ ከሆነ ሳቅ ብሎ ነው የሞተው። ካላወቀ ግን፣ ይህን ሁሉ ውለታ ከዋለለት ሰው አፍ ሞቱን ሰምቶ ነው የሄደው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ መንገድ ላይ ተገናኙ፤ የፍንጣሪ ሚስት ጥቁሯን እንደለበሰች ነበር። ሰላም ተባባሉ። ቁጣዋ በርዶ ነበር፤ ደክሟትም ይሆናል። ጆሮ ሌላ ወሬ አልቻለም።

«እኔ ከወጣሁ በኋላ…» አላት፤ «ያን ማታ፣ ምን አለ? ስለ እኔ ምንም አልተናገረም?»

ሴትየዋ ቀስ ብላ መለሰችለት። መኪና አለፈ። ከንፈሯን አየ፤ አልያዘም። ራሱን ሊነቀንቅ ጀመረና ተወው።

«አልሰማሁሽም እህቴ» አላት። «እባክሽ ድገሚልኝ።»

ጠጋ አለችና በጆሮው፣ ጮክ ብላ ደገመችለት።

«ምንም አላለም።»